የሌሊቱ ገብስ፦ የበርቃ ሕዝብ ለሙጃሂዶች ያደርስ ስለነበረው ስውር ስንቅ (1923–1931)

ነቢዩ ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ.) ከአቡበክር (ረ.ዐ.) ጋር ከመካ ወጥተው በሠውር ዋሻ ሦስት ሌሊት በተሸሸጉ ጊዜ ስንቃቸውን ማን ያደርስ እንደነበረ በየመድረሳችን የሚማር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። አስማእ ቢንት አቢበክር (ረ.ዐ.) መቀነቷን ለሁለት ከፍላ ስንቁን አሰረችበት፤ «የሁለት መቀነቶች ባለቤት» የሚለውን ስም ያተረፈችው በዚሁ ነው። ወንድሟ ዐብደላህ ቀኑን ከቁረይሾች መካከል ውሎ ሲመሽ ወሬውን ያደርስ ነበር። ዓሚር ብን ፉሀይራ ደግሞ በጎቹን ወደ ዋሻው እየነዳ ወተታቸውን ያጠጣቸዋል፤ ሲነጋም መንጋውን በዐብደላህ ዱካ ላይ አሳልፎ ዱካውን ያጠፋዋል። ይህን ታሪክ ዘወትር የምናነሣው ስለ ሰዎቹ ትሩፋት በምንናገርበት ምዕራፍ ነው፤ ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ ሦስቱን ሥራ አንድ ላይ አድርገን ብንመለከተው የተደራጀ አሠራር እናገኝበታለን። ስንቁ፣ ወሬውና ዱካ ማጥፋቱ ለሦስት ሰዎች ተከፍሎ እንደ አንድ ሥራ ተሠርቷል። ከሦስቱ አንዱም ሰይፍ አልመዘዘም፤ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ግን ሌሎቹ ሁለቱ ከንቱ በሆኑ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከዚያ ዘመን ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ በሊቢያ ምሥራቃዊ ክፍል በበርቃ ምድር፣ አንድ ሕዝብ በሙሉ የአስማእንና የዓሚርን ሥራ ለስምንት ዓመታት ያህል እንዴት እንደሠራና ለዚህም ምን እንደከፈለ ነው። የሸይኽ ዑመር አል-ሙኽታር ስም ለአንባቢያችን እንግዳ አይደለም። በኹጥባችን እናነሣቸዋለን፤ በ1981 የወጣውንም ፊልም ብዙዎቻችን አይተነዋል። በምናነሣቸው ጊዜ ሁሉ ግን ከፊታችን የሚቆመው ፈረሱ፣ ጠመንጃውና የስቅላቱ ገመድ ነው። አንድ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ከነሙጃሂዶቻቸው በዚያ ተራራ ላይ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ምን በልተው እንደኖሩ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ጠላታቸው ግን ጠይቆታል። የጥያቄውን መልስ ባገኘ ጊዜም ጦርነቱን ከተዋጊው ላይ አንሥቶ ወደ አብሳዪዋ አዞረው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለየ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተራራው፣ ዛዊያውና ገብሱ

በርቃ ስንል በስተሰሜን በሜዲትራንያን ባሕር፣ በስተደቡብ በታላቁ በረሃ፣ በስተምሥራቅ በግብፅ የሚዋሰነውን አገር ማለታችን ነው። ከባሕሩ ብዙም ሳይርቅ አል-ጀበል አል-አኽደር፣ ማለትም «አረንጓዴው ተራራ» የሚባለው ደጋ ይነሣል። ዝናብ የሚያገኘው በዋነኛነት ይህ ደጋ ነው፤ ጥድና ቁጥቋጦ ይለብሳል፤ ሸለቆዎቹ ጥልቅ፣ ዋሻዎቹም ብዙ ናቸው። ሕዝቡ ከብት አርቢ ነው፤ በግ፣ ፍየልና ግመል ያረባል። በበልጉ ሳይሆን በመጸው መጨረሻ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ ገብስ ይዘራል፤ በጸደይ ያጭዳል። በዚህ መካከል ከነድንኳኑ ግጦሽ ፍለጋ ይዘዋወራል። ያጨደውን እህል እንደ ሐረርጌ ገበሬ በጉድጓድ ያስቀምጣል፤ መንገድ ሲወጣም የተቆላ የገብስ ዱቄት ይዞ ይሄዳል። ዙሚታ ይሉታል፤ እኛ በሶ የምንለው ነው። አንባቢው ይህን ከልብ እንዲያሳድርልን እንሻለን፤ ምክንያቱም ባለቤቱ የሚዘዋወር፣ በየጉድጓዱ የተቀበረና እሳት ሳይነድ የሚበላ እህል ለስውር ስንቅ ከዚህ የበለጠ የሚመች አይደለም።

ሕዝቡን በአንድ ያሰረው የሰኑሲያ ጠሪቃ ነው። መሥራቹ ሸይኽ ሙሐመድ ብን ዐሊ አስ-ሰኑሲ በአልጀሪያ ተወልደው በመካ ከቆዩ በኋላ በ1840ዎቹ መጀመሪያ በአል-በይዳ የመጀመሪያውን የበርቃ ዛዊያ አቆሙ፤ በ1856 መቀመጫቸውን ወደ ጀግቡብ አዛወሩ፤ በ1859 ወደ አኺራ ሄዱ። ዛዊያ የዚክር ቦታ ብቻ አልነበረም። ቁርኣን የሚቀራበት፣ ነገር የሚታይበት፣ መንገደኛ ሦስት ቀን በእንግድነት የሚያርፍበት፣ የእርሻ መሬትና ጎተራ ያለው ሰፈር ነበር። የወሎን የዳናን፣ የጫሌንና የገታን ታሪክ ለሚያውቅ ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ደረሳው የሚበላውን የሚያመጣ ያገሩ ሰው ነውና። በርቃም እንዲሁ ነበረች። ከጎሣው ምርት ለዛዊያው የሚሄድ ድርሻ ነበረ፤ ከዛዊያው ደግሞ ለደረሳው፣ ለድሀውና ለመንገደኛው ይደርሳል። ጦርነቱ ሲመጣ ይህ የቆየ መንገድ አልተለወጠም፤ መድረሻው ብቻ ተለወጠ።

ኢጣሊያ ሊቢያን የወረረችው በ1911 ነው። ከዚያ በኋላ የተካሄደውን የብዙ ዓመታት ውጊያና ድርድር እዚህ አንዘረዝረውም። በ1920 በአር-ረጅማ በተደረገው ስምምነት ሰይድ ኢድሪስ አስ-ሰኑሲ «አሚር» ተብለው የውስጡን አገር ማስተዳደር እንደተፈቀደላቸው፣ በ1922 ማብቂያ ወደ ግብፅ እንደሄዱ፣ የሙሶሊኒ መንግሥትም በ1923 ስምምነቶቹን ሁሉ አፍርሶ ጦር እንዳዘመተ ማወቁ ይበቃናል። በተራራው ላይ የቀሩት የሰይድ ኢድሪስ እንደራሴ ሸይኽ ዑመር አል-ሙኽታር ናቸው፤ የሚኒፋ ጎሣ ተወላጅ፣ በጀግቡብ የተማሩ፣ በአል-ቁሱር ዛዊያ ቁርኣን ሲያስተምሩ የኖሩ ሸይኽ ነበሩ። መምህራን እንደመሆናችን ይህን ልብ ማለት ይገባናል፦ ያንን ሁሉ ዘመን ጦሩን የመራው ወታደር ሳይሆን የመድረሳ መምህር ነው። በዛዊያ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ደግሞ እንጀራ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

ቀን የጣሊያን፣ ሌሊት የሰኑሲ

የሙጃሂዶቹ ጭፍሮች «ዶር» ይባሉ ነበር። የበራዕሳ፣ የዐቢድ፣ የሐሳ ወዘተ. እየተባሉ በየጎሣቸው ይጠሩ ነበር። ይህ አጠራር ለስም ያህል ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ ጎሣ የራሱን ዶር በሰው፣ በመሣሪያና በስንቅ የመደገፍ፣ የወደቀውንም በሌላ የመተካት ግዴታ ነበረበት። የተዋጊው ቁጥር ብዙ አልነበረም፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በአንድ ጊዜ በዱር ያለው ከአንድ ሺህ አይበልጥም ነበር። ከኋላው የቆመው ግን ጎሣው ሁሉ ነው።

ጎሣው የቆመው ደግሞ በጣሊያን ምሽጎች ሥር፣ «የተገዛ ሕዝብ» ተብሎ ተመዝግቦ ነው። ጣሊያኖቹ የበርቃን ሰው «አማፂ» እና «የገባ» ብለው ለሁለት ከፍለውት ነበር። የገባው ድንኳኑን ከምሽጉ አጠገብ ይተክላል፤ ሹሙ ሲጠራው ይመጣል፤ አንዳንዱም ጠመንጃ ተሰጥቶት በጭፍራነት ያድራል። ነገሩ እንዲህ ግልጽ መስሏቸው ሳለ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ አማፂው አልደከመም፤ የገባውም አልተጨመረም አልተቀነሰም። ቆይተው እንደተረዱት፣ የገባውና ያልገባው አንድ ቤተሰብ ነበረ። ታላቅ ወንድም በምሽጉ ሥር በጎቹን ያግዳል፤ ታናሽየው በዋሻ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ይቀያየራሉ። ቀን የጣሊያን መንግሥት፣ ሌሊት የሰኑሲ መንግሥት ነበረ ማለት ይቻላል፤ ሌሊት ዑሽር የሚሰበስብና ነገር የሚፈርድ መንግሥት።

ከዚህ የምንረዳው ስውር ስንቅ ሲባል የግድ የተሸሸገ ትልቅ መጋዘን ወይም በሌሊት የሚጓዝ ረዥም የግመል ሰልፍ ማለት እንዳልሆነ ነው። በአብዛኛው ትንሽ ነው። ከብት ጠባቂ መንጋውን ከምሽጉ ርቆ ሲያሰማራ ማንም አያስቆመውም፤ ሥራው ነውና። ሲመለስ በጎቹ ሁለት ቢያንሱ ቀበሮ በላቸው ይላል። ሚስት በቤቷ ገብስ ስትፈጭ ለስንት ሰው እንደምትፈጭ የሚቆጥር የለም። ጉድጓዱ የት እንዳለ የሚያውቀው የቀበረው ሰው ነው። ለዘመናት የኖረው የእንግዳ ክብር ሕግም አለ፤ ሌሊት ከድንኳን ደጃፍ የቆመን ሰው ማንነቱን ሳይጠይቁ ማብላት በዚያ አገር ውርደትን የሚያስቀር እንጂ ወንጀል አልነበረም። የጣሊያን ሕግ በመጣ ጊዜ ወንጀል ሆነ። የዓሚር ብን ፉሀይራ መንጋ ዱካውን እንዳጠፋ የበርቃም ሰው ተቃውሞውን የሸሸገው በልዩ ጥበብ ሳይሆን በዕለት ኑሮው ውስጥ ነው።

ጥይቱም በዚሁ መንገድ ይሄድ ነበር። ለገባው ጎሣ ራሱን እንዲጠብቅበት የተሰጠው ጠመንጃና ጥይት ተራራ ላይ ይገኛል፤ በጣሊያን ጦር ውስጥ ያሉ የአገሩ ወታደሮችም የሚችሉትን ያሾልኩ ነበር። እኛ «ባንዳ» የምንለው ቃል ከጣሊያኖቹ ኢ-መደበኛ ጭፍራ መጠሪያ የመጣ ነው። በዚያም አገር ባንዳ ነበረ፤ ነገር ግን የበርቃን ባንዳ ሁሉ በአንድ ቃል ከሃዲ ብሎ የሚያልፍ ጸሐፊ ግማሹን ስንቅ ያመላለሰውን ሰው እየሰደበ ሊሆን ይችላል።

ዑሽሩ የማን ነው?

አንባቢያችን ዑለማእና መምህራን እንደመሆናቸው፣ ከዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባናል። ሕዝቡ ለሙጃሂዶቹ የሰጠው ሰደቃ ብቻ አልነበረም፤ የምርቱን ዘካም ጭምር ነው። የበርቃ ገብስ በዝናብ የሚበቅል በመሆኑ ዘካው አንድ አሥረኛ ነው። ከስምንቱ የዘካ ተቀባዮች መካከል፣ በሱረቱ ተውባ አንቀጽ 60 እንደተደነገገው፣ «በአላህ መንገድ» የተባለው አንዱ ነው። ሰኑሲያ በሚከተለው በማሊኪ መዝሀብ ይህ ድርሻ ለተዋጊውና ለመሣሪያው የሚውል ሲሆን፣ ተቀባዩ በአገሩ ባለጸጋ ቢሆንም እንኳ ይሰጠዋል። የሐነፊ ዑለማእ ተዋጊው ድሀ መሆን አለበት ይላሉ። በበርቃ ሁኔታ ልዩነቱ ብዙ ትርጉም አልነበረውም፤ ከብቱን ጥሎ ዱር የገባ ሰው ባለጸግነቱ ከአንድ ክረምት አያልፍምና።

የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። ዘካን የመሰብሰብ ሥልጣን የማን ነው? ጣሊያኖቹ ጉዳዩን የሽፍታ ቀረጥ አድርገው ነው የጻፉት፤ በጽሑፎቻቸው ሸይኽ ዑመር በማስፈራራት ድሀ የሚዘርፉ ሽፍታ ናቸው። ለዚህ መልስ የሚሆነው የሥልጣኑ ምንጭ ነው። ሸይኽ ዑመር ዑሽሩን የተቀበሉት በገዛ ስማቸው ሳይሆን፣ ጎሣዎቹ በይዓ በገቡላቸው፣ ጣሊያንም ራሷ አሚርነታቸውን ፈርማ በተቀበለችላቸው በሰይድ ኢድሪስ እንደራሴነት ነው። ፊርማዋን ያፈረሰችው ጣሊያን እንጂ ሕዝቡ በይዓውን አላፈረሰም።

ይህን ብለን ግን የነገሩን ሌላ ገጽ ልንሸሽገው አንወድም። ጠመንጃ የያዘ ሰው ሌሊት መጥቶ ዑሽር ሲጠይቅ የሚሰጠው ሁሉ በደስታ ሰጠ ማለት የሰውን ባሕርይ አለማወቅ ነው። ጣሊያንን ፈርቶ የሚከለክል እንደነበረ ሁሉ ሙጃሂዱን ፈርቶ የሚሰጥም ሊኖር ግድ ነው፤ ከተሰለቸው መካከልም ከልቡ ለጣሊያን ያደረ ነበረ። በሁለት ፍርሃት መካከል የሚኖር አንድ አባወራ፣ ልጆቹን ለማትረፍ ሲል ያደረገውን ከመቶ ዓመት በኋላ ከሚንበር ላይ ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው። እኛ የምንፈርደው በጠቅላላው ነው፦ ስምንት ዓመት ያለማቋረጥ የፈሰሰ ስንቅ፣ ሰጪው በሞት እየተቀጣበት ጭምር፣ በማስፈራራት ብቻ ሊገኝ አይችልም። አስገዳጅ ኃይል ሊሆን የሚችለው ብዙ ጦርና ብዙ እስር ቤት የነበረው ወገን ነው፤ ያም ወገን ይህን ስንቅ ለማስቆም እነዚያን ዓመታት ሁሉ አቅቶት ነበር።

የግብፅ በር

ገብስና ሥጋ በአገሩ አለ። ሻይ፣ ስኳር፣ ሩዝና ጨርቅ ግን የሚመጣው ከግብፅ ነው። ድንበሩ በወረቀት ላይ የተሰመረ መስመር ነበር፤ ከወዲያም ከወዲህም ያሉት ጎሣዎች ይጋባሉ፣ ይነግዳሉ። በስተወዲያ የአውላድ ዐሊ ጎሣ፣ የሰሉም ከተማ ነጋዴዎችና የተሰደዱ የበርቃ ቤተሰቦች ነበሩ። ከበርቃ በግ ይነዳል፤ ከግብፅ የሚያስፈልገው ይጫናል። በዚህ ንግድና በስንቁ መካከል ወሰን ማበጀት ያስቸግራል፤ ነጋዴው አትርፎም ረድቶም ሊሆን ይችላል።

ጣሊያኖቹ በየካቲት 1926 ጀግቡብን ያዙ፤ ዓላማቸውም የሰኑሲያን ቅዱስ ስፍራ ከመያዝ ባሻገር የዚህን መንገድ ደቡባዊ ጫፍ መዝጋት ነበር። በጥር 1931 ደግሞ እጅግ ሩቅ የሆነችው የኩፍራ ኦአሲስ ወደቀች። በዚያው ሰሞን የሆነውን ሙሐመድ አሰድ በ1954 በታተመው «ወደ መካ የሚወስደው መንገድ» በተሰኘ መጽሐፉ ተርኮታል። እንደ ትረካው ከሆነ በመዲና በስደት ይኖሩ የነበሩት ሰይድ አሕመድ አሽ-ሸሪፍ ወደ ሸይኽ ዑመር የላኩት ኩፍራን መነሻ ያደረገ አዲስ የስንቅ መንገድ ይከፈት እንደሆነ ለመመርመር ነው፤ እርሱ በተራራው ሳለ የኩፍራ መውደቅ ተሰማ። የአንድ ሰው ምስክርነት መሆኑን ሳንዘነጋ፣ ከሌላው ከምናውቀው ጋር የሚስማማው ነጥብ ይህ ነው፦ በ1931 መጀመሪያ ላይ የጦርነቱ ዋና ጥያቄ ጥይትና ጀግንነት ሳይሆን እህል በየት ይገባል የሚል ሆኖ ነበር። የዚህም ምክንያት ከዚያ በፊት ባለው ክረምት የተፈጸመው ነው።

ዓሣውንና ውኃውን መለየት

ጄኔራል ሮዶልፎ ግራዚያኒ የበርቃ ምክትል ገዥ ሆኖ የመጣው በመጋቢት 1930 ነው፤ የበላዩ የትሪፖሊና የበርቃ ጠቅላይ ገዥ ማርሻል ፒዬትሮ ባዶሊዮ ነበር። ግራዚያኒ ነገሩን እንደ አስተዳዳሪ ሳይሆን እንደ ሐኪም ቤት ቢላዋ ያዘው። አስቀድሞ «የሚበርር ፍርድ ቤት» የተባለውን አቋቋመ፤ ዳኞቹ በአውሮፕላን ከሰፈር ወደ ሰፈር እየተወሰዱ፣ ለአማፂ ስንቅ ወይም ዑሽር ሰጥቷል የተባለውን በሕዝብ ፊት ፈርደው በዚያው ያስገድሉት ነበር። የአገሩን ወታደሮች ቁጥር ቀነሰ፤ ከገባው ሕዝብ ጠመንጃውን ገፈፈ። የሰኑሲያ ዛዊያዎች ተዘጉ፤ መሬታቸውና ንብረታቸው ተወረሰ፤ ሸይኾቻቸው ኡስቲካ ወደምትባለው የጣሊያን ደሴት ተጋዙ። ቁርኣን ይቀራበት የነበረ ደጅ የተዘጋው ጎተራ ስለነበረው ጭምር መሆኑን እዚህ ላይ እናስተውላለን።

ይህ ሁሉ አልበቃም። በሰኔ 1930 ባዶሊዮ ለግራዚያኒ በጻፈው ደብዳቤ፣ በአማፂውና በገባው ሕዝብ መካከል ሰፊና ግልጽ የሆነ የመሬት ልዩነት መፈጠር እንዳለበት፣ ይህም የበርቃን ሕዝብ በሙሉ የሚያጠፋ ቢሆን እንኳ እስከ መጨረሻው መገፋት እንዳለበት አዘዘ። ደብዳቤው አለ፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ደጋግመው አትመውታል። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት 100,000 ያህል ሰው፣ ማለትም የበርቃ ሕዝብ ግማሽ ገደማ፣ ከነድንኳኑና ከነመንጋው ከተራራው ተነድቶ በባሕሩ ዳር በሚገኘው ደረቅ ሜዳ በሽቦ በታጠሩ ካምፖች ተከማቸ። ትልልቆቹ አል-ዐጌላ፣ አል-ቡረይቃ፣ አል-መቅሩንና ሱሉቅ ነበሩ። ከማርማሪካ የተነሡት ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘዋል፤ መራመድ ያቃተው በመንገድ ቀርቷል። አል-ዐጌላ በተለይ የሙጃሂዶች ዘመዶች የታጎሩበት ነበር፤ ከሁሉም የከፋው እርሱ ነው። ከታጎሩት አንዱ የነበረው ረጀብ ቡሕወይሽ አል-ሚኒፊ በዚያ ሆኖ የገጠመው ረዥም ግጥም ዛሬም በሊቢያ በቃል ይወረዳል።

መንጋው ከድንኳኑ ጋር በሽቦ ውስጥና በዙሪያው በታጠረ ጥቂት ግጦሽ ተወስኖ አለቀ። ከብት አርቢን ከብቱን ከገደሉበት እርሱን ለመግደል ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። በረሃብ፣ በታይፈስ፣ በጉዞውና በስቅላት ያለቀውን ሰው ቁጥር ተመራማሪዎች በተለያየ መንገድ ይገምቱታል፤ ከ40,000 የሚጀምር፣ 60,000 እና ከዚያ በላይ የሚደርስ ግምት አለ። አብዛኛው ሟች ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ ነው። ጥይት አልተኮሱም። ወንጀላቸው ማብላት ነበር፤ ብዙዎቹም ያበሉት ልጃቸውን ወይም ባላቸውን ነው።

እዚህ ላይ መምህራን ልጆችን ሲያስተምሩ ሊሸሹት የሚወዱት ጥያቄ አለ። ሙጃሂዱ ከሕዝቡ ስንቅ መብላቱ ሕዝቡን ለዚህ እልቂት አላጋለጠውምን? ሸይኽ ዑመር እጃቸውን ሰጥተው ቢሆን ሕዝቡ አይተርፍም ነበርን? ጥያቄው የድፍረት አይደለም፤ ሊመለስም ይገባዋል። በ1929 አጋማሽ በሲዲ ረሑማ ሸይኽ ዑመር ከባዶሊዮ ጋር ተገናኝተው ለወራት ተኩስ ቆሞ ነበር፤ ንግግሩ ግን ሕዝቡ መብቱን ጠብቆ የሚኖርበትን ስምምነት አላስገኘም። ከሮም የመጣው ዕቅድ ደግሞ የተራራውን ለም መሬት ለጣሊያን ሰፋሪ ገበሬዎች መስጠት ነበር። መሬቱ የሚፈለገው ሰው ሳይኖርበት ከሆነ እጅ መስጠት ሰውየውን በመሬቱ ላይ አያቆየውም። ስለዚህ የእልቂቱን ዕዳ ከአዘዘውና ከፈጸመው ላይ አንሥቶ በተበላው ገብስ ላይ መጫን ፍትሕ አይመስለንም። ጥያቄውን ያነሣ ተማሪ ግን ሊገሠጽ አይገባም፤ በካምፑ ሽቦ ውስጥ የነበሩ እናቶችም ሳይጠይቁት አልቀሩ ይሆናል።

የሚያስደንቀው፣ ሕዝቡ ከተነቀለ በኋላም ዶሮቹ ከአንድ ዓመት በላይ መቆየታቸው ነው። የቀረው የግብፅ በር ብቻ ነበር። ግራዚያኒም በ1931 ከባርዲያ ባሕር ጠረፍ አንሥቶ እስከ ጀግቡብ 270 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የሾህ ሽቦ አጥር አሠራ፤ በምሽግ፣ በስልክ፣ በመኪናና በአውሮፕላን ይጠበቅ ነበር። አጥሩ በመስከረም ሲጠናቀቅ የመጨረሻው ስንቅ ተቆረጠ። በዚያው ወር በ11ኛው ቀን ሸይኽ ዑመር በስሎንታ አቅራቢያ ፈረሳቸው ወድቆ ተያዙ። በ15ኛው ቀን በቤንጋዚ ተፈረደባቸው፤ በማግሥቱ በሱሉቅ ካምፕ 20,000 ያህል እስረኛ እንዲያይ ተደርጎ ተሰቀሉ። ለምን ከሌላ ቦታ ይልቅ በሱሉቅ እንደሆነ አሁን ግልጽ ነው። እንዲያይ የተገደደው ሲያበላቸው የኖረው ሕዝብ ነበር።

ከበርቃ ወደ እኛ

የዚህ ታሪክ ጦስ ወደ አገራችን የመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በአስካሪው በኩል ነው። በበርቃ ተራራ ላይ ሙጃሂዱን ያሳድዱ የነበሩት ከኤርትራ የተመለመሉ ጭፍሮች ነበሩ፤ ከመረብ ማዶ የሄዱ የትግራይ ልጆችም ነበሩባቸው። ጣሊያን የአገሩን ወታደር ስንቅና ጥይት ያሾልካል ብላ ስትጠረጥር፣ አብዛኛው ክርስቲያን የሆነውንና ለዚያ ሕዝብ ዘመድ ያልሆነውን ሐበሻ አምናዋለች። አባ ገብረየሱስ ኃይሉ በ1927 ጽፈውት በ1950 የታተመው «ሓደ ዛንታ» የተሰኘ የትግርኛ ልቦለድ ርእሱ ይኸው ወደ ሊቢያ የተላከ አስካሪ ነው። በ1936 ደግሞ ግራዚያኒ በኦጋዴን ግንባር የሊቢያ ሙስሊሞችን ክፍለ ጦር በኢትዮጵያውያን ላይ አዘመተ። ክርስቲያኑን በሙስሊሙ ላይ፣ ሙስሊሙንም በክርስቲያኑ ላይ። ዛዊያዎቹን የዘጋው ሙሶሊኒ በመጋቢት 1937 በትሪፖሊ «የእስልምና ሰይፍ» ሲቀበል ለእስልምና ወዳጅ ነኝ ማለቱንም መምህራን አብረው ቢያነሡት መልካም ነው፤ በዚያው ዘመን በአገራችን ሙስሊሞች ዘንድ ይሰበክ የነበረው ይኸው ወዳጅነት ነበርና።

ሁለተኛው መንገድ ግራዚያኒ ራሱ ነው። በአዲስ አበባ እንደራሴ ሆኖ ሲቀመጥ ከበርቃ የተማረውን ይዞ ነበር የመጣው፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ በሞቃዲሾ አቅራቢያ የነበረው የደናኔ ካምፕ በኢትዮጵያውያን እስረኞች ሞላ። በዚህም ግን እንደ በርቃ ሁሉ ከተማ ተቀምጠው ለዱር ቤቴ ባዩ አርበኛ እህል፣ መድኃኒትና ወሬ የሚልኩ ነበሩ፤ «የውስጥ አርበኞች» የምንላቸው ናቸው። ስለ እነርሱ በአማርኛ ብዙ ተጽፏል። ከእነርሱ መካከል የነበሩት ሙስሊም ነጋዴዎች፣ ቅራጭተኞችና እናቶች ድርሻ ግን በየመስጊዱ ሽማግሌዎች ቃል ውስጥ እንጂ በመጻሕፍት እምብዛም አይገኝም፤ ይህ ዓመታዊ መጽሔት ለሚቀጥሉት እትሞች ይህን የሚሰበስቡ መምህራንን ጽሑፍ ለመቀበል ዝግጁ ነው።

በበርቃ ግን ሸይኽ ዑመር ከተሰቀሉ በኋላ ትግሉን የያዙት ዩሱፍ ቡረሒል በታኅሣሥ 1931 ወደ ግብፅ ድንበር ሲሄዱ ተገደሉ። ከመሪዎቹ መካከል ሽቦውን አልፈው ግብፅ የገቡት ዐብዱልሐሚድ አል-ዐባር ናቸው። በጥር 1932 ባዶሊዮ ዐመፁ አበቃ ብሎ ዐወጀ። ካምፖቹ በ1933 እና በ1934 እየተዘጉ የተረፈው ሕዝብ ሲመለስ በተራራው ለሙ መሬት ላይ ለሰፋሪ የሚሆን ርስት ተከልሎ ነበር፤ በጥቅምት 1938 በአንድ ጊዜ 20,000 ያህል ጣሊያናውያን በመርከብ ተጭነው ወደ ሊቢያ መጡ። ለብዙዎቹ የተሰጣቸው ቤትና እርሻ የቆመው የገብሱ ጉድጓዶች በነበሩበት ተራራ ላይ ነው።